ሻለቃ ናደው እንዴት እንደተያዘ

ከሰው ስሜት ሁሉ እንደ ቅናት የተበደለ የለም። ፍቅር ዘፈን አለው፤ ሐዘን ድንኳን ይጣልለታል፤ ቁጣ እንኳ ሽማግሌ ይቀመጥለታል። ቅናት ግን መጠጊያ የለውም። ያደረበት ሰው ሁሉ «እኔ ጋ የለም» ብሎ ይክደዋል። «ምቀኛ አያሳጣህ» እየተባባልን እንመራረቃለን፤ ያ ምቀኛ ማን ሊሆንልን እንደሚችል ግን ማንም እጁን አያወጣም። ምቀኛ የሌለው ሰው አላጋጠመኝም፤ ምቀኛ ነኝ የሚልም አላጋጠመኝም። ስሌቱ እንዴት እንደሚመጣ እናንተ ድረሱበት፤ እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ።

እኔ ራሴ ቀናተኛ አይደለሁም። ይህን ከጅምሩ ብንግባባ ጥሩ ነው። ከጎጃም ተመድቤ ቆቦ ከመጣሁ ወዲህ የሚያስቀና ነገር ሞልቶ አይቼ በሰላም አልፌአለሁ። የራያ ገበሬ ከራሱ ቁመት በላይ በዘለቀ ማሽላ መሃል ገብቶ ሲጠፋ አይቼ «ይባርክልህ» ብዬ አልፌአለሁ። ባለ ባጃጁ ሰይድ ሁለተኛ ባጃጅ ሲገዛ ከልቤ እንኳን ደስ አለህ ብዬዋለሁ፤ ጎማው ትንሽ ያለቀ መሆኑን የነገርኩትም ለደኅንነቱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የሥነ ጽሑፍ ክብር ነው። የሥነ ጽሑፍ ክብር ደግሞ ቅናት አይባልም። ቢባልም ስሙ ሌላ ነው።

ነገሩ የመጣው በአንድ የስለላ ልብ ወለድ ነው። ርዕሱን አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይሆንለታል። የደራሲውንም ስም አልጠራም፤ እሱ ምን ጎድሎበት! መጽሐፉን ያመጣው ልብስ ሰፊው ጋሽ እንድሪስ ነው፤ ጨርቅ ሊገዛ ደሴ በወጣበት። በከተማው የተገኘው አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበር፣ በዚያው ሰሞን የጋሽ እንድሪስ በረንዳ ልብስ በሚያሰፋ ሳይሆን ተራ በሚጠብቅ አንባቢ ተጣበበ። ጋሽ እንድሪስ ፍርድ የሚያውቅ ሰው ነው። ምላጩን አነሣና መጽሐፉን ከጀርባው ሰንጥቆ አራት ቦታ ከፈለው፤ እያንዳንዱንም በስፌት መኪናው ሰፍቶ የጨርቅ ልባስ አለበሰው። አንደኛው ክፍል ቀይ የሸሚዝ ጨርቅ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ሦስተኛው ከሴት ቀሚስ የተረፈ ዥንጉርጉር፣ የመጨረሻው ነጭ አቡጀዲ። መጽሐፉ እንደ ቅርጫ በሬ ተመደበ ማለት ነው። ቅርጫ ላይ ደግሞ ዕጣ እንጂ ምርጫ የለም፤ ቀዩ የደረሰው ከራሱ ይጀምራል፣ ዥንጉርጉሩ የደረሰው ከወገቡ።

ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ላይ አራት ዓይነት ሕዝብ ተነሣ።

ሰይድ የደረሰው ዥንጉርጉሩ ነበር። እዚያ ላይ የመጽሐፉ ጀግና ሻለቃ ናደው ማንነቱን ለውጦ የጠላት ጄኔራል ሹፌር ሆኗል። ለምን እንደሆነ የሚናገረው አረንጓዴው ነው፤ ሰይድ አረንጓዴውን አላየም። «ወላሂ ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ባንዳ ነው!» አለኝ፣ ባጃጁን መሃል መንገድ ላይ አቁሞ። «ደግሞ አነዳዱ! በአራተኛ ማርሽ ዳገት ይወጣል? ሞተሩን ነው የገደለው እኮ!» ጋሽ እንድሪስ በበኩሉ በካፖርቱ ተናደደ። «ሰላይ ሁሉ ጥቁር ካፖርት ካልለበሰ አይሰልልም? እዚህ ቢልኩት እኮ ገና በጠዋቱ ቀልጦ ይገኛል።» ማንበብ የማይችሉት፣ ሲነበብ ግን ከበረንዳው የማይጠፉት አባ ያሲን ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ነው የያዙት። «ይሄ ሻለቃችሁ» አሉ፣ «ሰው ቤት ሲገባ አሰላሙ አለይኩም አይል፣ እንደምን ዋላችሁ አይል። በመስኮት ነው እሚገባው! እናት የለችውም?»

እነዚህ አስተያየቶች ሁሉ ስሕተት ነበሩ። ትክክለኛው አስተያየት የእኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ መጽሐፉን አላነበብኩትም። ሂስ ንጹሕ የሚሆነው ሳይበከሉ ሲሰጡት ነው።

እኔም ደራሲ መሆኔን አልነገርኳችሁም ለካ። ትሕትና ነው። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አሳትሜአለሁ። ጀግናው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስለ ሕልውና ያስባል። ባለቤቴ ትርንጎ የቆቦ ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ልብ ወለዴን በፍቅራችን ማልላኝ ጀመረችው። ዕልባቷ ግን ከገባበት ገጽ ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን «ሰውዬው ተነሣ?» አለችኝ።

«በመጨረሻው ምዕራፍ ይነሣል።»

«እንግዲያው ሲነሣ ጥራኝ» ብላ አረንጓዴውን ገለጠች።

በዚያ ሳምንት በአረንጓዴው ምክንያት ያረረ ሽሮ በላን። ሽሮው አይደለም የከነከነኝ። ሴትዮዋ ምድጃው እየጨሰ፣ ዐይኗ ፈጦ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ «እሰይ! እሰይ ናደው!» ስትል ሰማኋት። እኔ ከትርንጎ አፍ ለጻፍኩት ነገር አንዲት «እሰይ» ብትወጣ፣ ሌላው ሽልማት ሁሉ ቢቀርብኝ ግድ አልነበረኝም። በትዳር ውስጥ የሚፎካከሩት ጎረቤት ቢሆን ይሻላል፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ይካሰሳል። ከወረቀት ሰው ጋር ግን በምን ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ?

እግዜር ግን የቅን ሰውን ልብ ያያል። ነጩ ጠፋ። አንድ የግብርና ባለሙያ ጎረቤት ከተማ ሮቢት ይዞት ሄደ፤ «በሚኒባስ እልከዋለሁ» አለ፤ ከዚያ ወደ ገጠር ቀበሌ ወጣና ወሬው ጠፋ። ዥንጉርጉሩ የሚያልቀው ሻለቃ ናደው በሐሰት ስም ጠላት ከተማ ገብቶ፣ አገሩን የከዳው ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ ነው። ያ እጅ በእኛ ከተማ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰይድ ተሳፋሪን ከመውረጃው አሳልፎ መውሰድ ጀመረ። ትርንጎ ሮቢት ለሚሄድ ሰው ሁሉ መልእክት ትሰጣለች። ለእኔ መጽሐፍ ማለቂያ እንዲህ የተጨነቀ ሰው እንዳልነበረ መናገር አያስፈልግም።

እኔም አሰብኩ። ይህን መጽሐፍ በአንድ ቀን መቅበር የሚቻለው መጨረሻውን በመንገር ነው፤ እሱም እንዲህ የማይረባ መጨረሻ ሆኖ ሁለተኛ ማንም የስለላ መጽሐፍ እንዳይነካ። ፀሐይ በረድ ሲል በረንዳው ላይ ቀረብ አልኩና «ነጩን እንኳ የፈተና ወረቀት ላርም ደሴ በሄድኩበት ከሌላ ቅጂ ላይ አንብቤዋለሁ» አልኩ። ውሸት እንዳትሉት፤ የሂስ አንዱ ዘርፍ ነው።

የስፌት መኪናው ቆመ። አባ ያሲን ምርኩዛቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «በል ተናገር የኔ ጌታ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

እንዲህ ብዬ ጀመርኩ። ሻለቃ ናደው እጁን እንዳነሣ፣ ከኋላው አንዲት አሮጊት ጥንቅሽ ተሸክመው ይመጣሉ። «እንደምን ዋልክ ልጄ» ይሉታል። ሰላምታ አይመልስም። «እንግዳ ነህ?» «አዎ እማማ።» «የማን ልጅ ነህ?» ሻለቃው አይደነግጥም፤ በሐሰት መታወቂያው ላይ ያለውን አባት ይጠራል። «የአባትህስ አባት?» እሱንም ይጠራል፤ ተምሮታል። «እሱስ የማን ነው?» እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ያላስለፈለፈው፣ ጥፍሩ ሲነቀል ያልተነፈሰው ሻለቃ ናደው አፉ ተሳሰረ። አለቆቹ ቅድመ አያት አልሰጡትም።

ሰይድ «ወይኔ!» አለ።

በማሾፍ ነበር የጀመርኩት፤ መሃል ላይ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም። አሮጊቷ አልጮሁበትም፣ ወታደር አልጠሩበትም። «ቅድመ አያትህን አታውቅም? ምስኪን! ና ግባ፣ እህል ቅመስ፤ እኛ እንፈልግልሃለን» አሉና እጁን ይዘው ቤታቸው አስገቡት። ጎረቤት ተጠራ። አንዱ «ግንባሩ የእነ እገሌን ይመስላል» ይላል፣ ሌላው «አይ፣ በናቱ በኩል ይሆናል» ይላል። የጠላት ከተማ በሙሉ ሥራውን ትቶ ለአንድ ሰላይ ዘመድ ይፈልግ ጀመር። ሻለቃው ምግቡ ፊቱ ቀርቦ፣ በመስኮት መዝለል እየቻለ፣ መዝለል አቃተው። በመጨረሻ ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ አለቀሰና እውነተኛ ስሙን ተናገረ፤ የእናቱን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት። ማንም አልያዘውም። «እንዲህ ነው የተያዘው» አልኩ፣ «አለቀ።»

ሳቅ ጠበቅኩ። ሳቅ አልመጣም። አባ ያሲን በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን አበሱ። «ያ ረቢ! ይሄ ደራሲ የኛው ሰው ነው። የራያ ደም ባይኖርበት ይህችን አያውቃትም።» ሰይድ «በባንዳነት ጠርጥሬው ነበር፣ አውፍ ይበለኝ» አለ። ከሥራ ስትመለስ ልትወስደኝ የመጣችው ትርንጎ፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከሰዉ ኋላ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። ጉንጯ ርሷል። «እሰይ!» አለች። «እሰይ፣ ብዕሩ ይባረክ!»

የማን ብዕር? ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም። ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዛ «አየህ? ሰው እንዲህ ነው የሚጻፈው። አንተም እኮ ደጋግመህ ብታነበው ትማርበታለህ» አለችኝ።

ጥቂት ቆይቶ ነጩ በሚኒባስ ረዳት እጅ ከሮቢት መጣ። ጋሽ እንድሪስ ራሱ ጮክ ብሎ አነበበው። ሻለቃ ናደው በሩን ገንጥሎ ይገባል፤ ከሃዲውን ይገድላል፤ ዘበኞቹን ይገድላል፤ ሰገነት ላይ ይወጣል፤ ሄሊኮፕተር ትመጣለች።

«ሄሊኮፕተሯ ከየት መጣች?» አለ ሰይድ።

«አሮጊቷስ?» አሉ አባ ያሲን። «አሮጊቷን የት አደረጓት?»

ጋሽ እንድሪስ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ እንደ ጨርቅ በጣቱ ዳሰሰው። «ፎርጅድ ነው» ሲል ፈረደ። «ዘንድሮ ምን ፎርጅድ የሌለው ነገር አለ? እውነተኛውን ይሄ ቲቸር ደሴ አንብቦታል።» እዚያው ነጩን ከልባሱ ፈቶ ጣለውና፣ የማስታውሰውን ሁሉ ጽፌ እንዳመጣለት በአደራ ለመነኝ። ጻፍኩ። ሳስታውስ አንዳንድ ቦታ አሻሻልኩት፤ ትዝታ ያው ይሻሻላል። በአቡጀዲው ውስጥ ተሰፍቶ ገባ። አሁን በእጅ እየተገለበጠ ጎብዬ ከተማ ድረስ ደርሷል አሉ፤ ያነበበው ሁሉ የዚያን ሰውዬ ስም እያነሣ ይመርቃል።

አንድ እሑድ አላስችል አለኝና ምሳ ላይ ለትርንጎ እውነቱን አፈረጥኩት፤ መጨረሻው የራሴ ፈጠራ ነው፣ አሮጊቷም የእኔ ናት፣ ጥንቅሹም የእኔ ነው አልኳት። እጇን ታጠበችና መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች።

«ትኩሳት እንኳ የለህም።»

«እውነቴን ነው ትርንጎ።»

«ውይ የኔ ጌታ፣ ቅናት እስከዚህ ያደርሳል? የሰው ሥራ የኔ ነው ይባላል?»

«በምን ላሳምንሽ? እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

በርኅራኄ አየችኝ። «አንተ የጻፍከው ቢሆንማ» አለች፣ «እኔ አለቅስ ነበር?»

ለዚህ መልስ ካላችሁ ላኩልኝ። እኔ ምሳዬን በላሁ። ያንን ደራሲ በአካል አይቼው አላውቅም፤ የት እንደሚኖር፣ ሚስት ይኑረው አይኑረው፣ ሚስቱ ታንብበው አታንብበው አላውቅም። ማታ ማታ ትርንጎ ነጩን ከጎኔ ሆና ለስንተኛ ጊዜ ስትደግመው አያለሁ፤ አሮጊቷ «ና ግባ» የሚሉት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰበራል፣ የእኔም ልብ በቅናት ይቃጠላል። ምን ይደረጋል። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ሰውዬው ይችላል። በተለይ መጨረሻው ላይ።