ለመንደራችን በር እጅ ያወጣን ዕለት

ሰው ተወካይ የሚመርጠው ለምን ይመስላችኋል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ስብሰባ ስለሚሰለቸው ነው። «እናንተ ጨርሱት» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ተወካዮቹም የቆሻሻውንም የመንገድ መብራቱንም ነገር ሳይጠይቁን ይጨርሱታል። ከሰው የሚያቀያይም ጉዳይ ሲመጣ ግን «ሕዝቡ ይወስን» ይላሉ። ትልልቆቹ አገሮች ይህንን ሕዝበ ውሳኔ ይሉታል፤ እኛ ሰበታዎች ደግሞ «እጅ እናውጣ» እንለዋለን።

የመንደራችን ኮሚቴ የገጠመውም ይኸው ነው። ሌባ በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ እየገባ ያሰጣነውን ልብስ ሁሉ ለቀመው። መፍትሔው መተላለፊያዋን በብረት በር መዝጋት ነበር። ችግሩ፣ በእሷ የሚያልፉት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ጡረታ የወጡ ዓይነ ስውር መምህር ናቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው ብቻቸውን አስፋልት የሚደርሱት በእሷ ብቻ ነው። በወዲያኛው በኩል የፋብሪካ መኪና ስለሚርመሰመስ ያለ መሪ አይሞከርም። በሩ ተቆልፎ ቁልፉ ኮሚቴው ዘንድ ከተቀመጠ፣ ከቤት ለመውጣት ሰው መለመን ሊጀምሩ ነው።

ሊቀመንበራችን እትዬ ትርሲት ራሳቸው መወሰን ጨነቃቸውና ነገሩን ወደ እኛ ወረወሩት። «በሩ ይሠራ የምትሉ፣ እጅ አውጡ።»

መቼም እኛ እጅ ስናወጣ የሰው ፊት እያየን ነው። የዚያን ቀን ግን የምናፍራቸው ኦቦ ቶሎሳ መሐላችን ቢቀመጡም አያዩንም። እጆች ቀስ እያሉ፣ ኮሽታ ሳያሰሙ ወጡ። የእኔም አብሮ ወጣ።

ኦቦ ቶሎሳ ዝምታውን ትንሽ አዳመጡት።

«ትርሲት፣ የሚከራከር ጠፋ፤ እጁ በዝቷል ማለት ነው» አሉ። «የእኔንም ቁጠሪው። የተሰረቀው የልጆች ልብስ ነው።»

እጃቸውንም አወጡ። ማንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

በሩ ተሠራ፣ ቁልፍም ተገዛለት። ግን የሚቆልፈው ጠፋ። እትዬ ትርሲትን ብጠይቃቸው፣ በሩ ይሠራ ተባለ እንጂ ይቆለፍ መቼ ተባለ ብለው ተቆጡኝ። ኦቦ ቶሎሳ ደግሞ ጠዋት ሲወጡ፣ የሕዝብ ውሳኔ ነው ብለው ጎትተው ይዘጉታል። እኛ ከመመለሳቸው በፊት ወለል አድርገን እንከፍተዋለን።

ትናንት ተራው የእኔ ነበር። ከፍቼው፣ እንዳይሰሙኝ ትንፋሼን ውጬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ደረሱ፤ ክፍቱን በከዘራቸው ዳሰሱና ፈገግ አሉ።

«ገለቶማ፣ ሙሉጌታ» ብለው አመሰገኑኝ። «አሁን ዝጋው፤ ወስነናል እኮ።»

ዘጋሁት። ቁልፉን ግን እስከ ዛሬ የነካው የለም።