አሻንጉሊቷን ማን ዳራት?

ዛሬ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ በአንዲት እናት ላይ የፈጸምሁት በደል በሰው ፊት ተረጋገጠ። በዳይዋ እኔ ነኝ። ምስክሮቹ ሻይ እየጠጡ ነበር።

ብነግራችሁ አታምኑም። ቢሆንም እነግራችኋለሁ።

እንደምታውቁት አሮጌ የፋሽን አሻንጉሊቶችን አድሳለሁ፤ በአንድ ሻይ ቤት በመስታወት ሣጥን ውስጥም አሳያለሁ። አብዛኞቹ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከእርዳታ ልብስ ጋር በቦንዳ ታስረው ወደዚህ አገር የስደተኛ መጠለያዎች የመጡ ናቸው። ለተራበ ሕዝብ፣ ሊበላው የማይችለውን ሁሉ ዓለም በልግስና ይልካል።

ዘንድሮም ረሃብ ነው። "በዚህ ጊዜ አሻንጉሊት?" ብላችሁ ኮሜንት የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ። ሁለት ዲግሪ ይዤ ከካርቱም ጦርነት ስሸሽ የቀረልኝ ሥራ ይህ ነው። የተሻለ ካላችሁ ላኩልኝ።

ወደ ውርደቴ ልመለስ።

ከወር በፊት እማማ አንጓች የተባሉ የሰፈራችን አሮጊት አንዲት አሻንጉሊት በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። ከመጠለያው ጀምሮ ከእሳቸው አልተለየችም። "ሰው ይያት። አቧራዋን ብቻ አራግፊልኝ፣ ኡስታዛ" አሉኝ። አስተምር ስለነበር ኡስታዛ ይሉኛል።

አቧራዋን ብቻ!

እኔ ግን ባለሙያ ነኝ። የጉንጯን ነጠብጣብ በብጉር ቅባት አስለቀቅሁ። የላላ እግሯን አጠበቅሁ። ከዚያ አናቷን አየሁ፦ ዙሪያው ጸጉር፣ መሐሉ ክብ መላጣ።

በመዝገቤ ላይ እንዲህ ጻፍሁ፦ "የአናት ጸጉር በክብ ቅርጽ ጠፍቷል። ምክንያቱ ምናልባት አይጥ።"

አሁን ልብ በሉ። አይጥ የነካው ጸጉር ይነጫል። የዚህችኛዋ ግን ሥሩ በየቀዳዳው ውስጥ እኩል ተቆርጦ ቀርቷል፤ እንዲህ የሚያደርገው ምላጭ ነው። ሥሮቹን አንድ በአንድ በወረንጦ የነቀልኋቸው እኔው ነኝ።

አየሁ። አላሰብሁም።

በመሐሉ ላይ አዲስ ጸጉር በመርፌ ተከልሁ። ቀለሙ አንድ ይሁን ብዬ የዙሪያውንም ነቅዬ ተካሁት። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። አማረች። እናንተም ላይክ አዘነባችሁልኝ።

ዛሬ እማማ አንጓች መጡ። መስታወቱ ፊት ቆመው አሻንጉሊቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

"ኧረ ጉድ! ይቺን ልጅ ማን ዳራት?"

ሰው ሳቀ። እኔም በጨዋ ደንብ ሳቅሁ።

"ድፍን ጸጉር አብቅላ አየኋታ! ሠርጉ መቼ ነበር? እናት ሳትጠራ ነው እንዴ?" ከዚያ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ "ሳዱላዋስ?" አሉኝ።

ሳዱላ!

ለማታውቁት፦ በእነ እማማ አንጓች አገር ልጃገረድ መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ትተዋለች፤ መሐሉ የሚያድገው ስትዳር ነው። እኔም በአባቴም በእናቴም ጎንደሬ ነኝ። ዳሩ ግን ለዲግሪዬ አርባ ገጽ የጻፍሁት ስለ ፈረንሳይ መኳንንት ዊግ ነው።

ገና አላበቃም። አንድ ደግ ሰው ከመዝገቤ ገልብጬ ከአሻንጉሊቷ ሥር ያኖርሁትን ካርድ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፦ "ምክንያቱ ምናልባት አይጥ።"

እማማ አንጓች ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይጧማ እኔ ነኝ፣ ኡስታዛ።"

ቦንዳው ሲፈታ አሻንጉሊቷን ያነሣቻት ልጃቸው ስንዱ ናት። እናቷ መጠለያው ውስጥ ሳዱላዋን ላጭተዋት ሲጨርሱ "እሷንም" ብላ አሻንጉሊቷን አቀበለቻቸው። በዚያው ምላጭ ላጯት። ስንዱ ያን ክረምት አልወጣችም። ከነሳዱላዋ ተቀበረች።

እጃቸው ለልጃቸው ከሠራው ሁሉ የቀረው ያ ክብ ብቻ ነበር። እኔ ሞላሁት።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ" አልሁ። "የነቀልሁት ጸጉር በፖስታ ውስጥ አለ፤ መልሼ እተክለዋለሁ። መሐሉን ደግሞ እርስዎ ራስዎ..."

"የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። አንቺው አድርጊው። ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ።" ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "ልኩን ታውቂው የለ? የጎንደር ልጅ አይደለሽ?"

"አውቃለሁ" አልሁ።

አላውቅም!

ከእድሳቱ በፊት የተነሣ ፎቶ የላትም ወይ ትላላችሁ። አላት፦ የፊቷ፣ የጫማዋ፣ የጀርባዋ። አናቷን አላነሣሁም። መላጣ ለፖስት አያምርም ብዬ። እሳቸውኑ ጠይቂያቸው ለምትሉኝም፦ ያን ያህል ድፍረት ቢኖረኝ ይህን አልጽፍም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ላይክ አልፈልግም። "አይዞሽ"ም አትበሉኝ። በገዛ እጃችሁ ሳዱላ የላጫችሁ፣ ወይም የተላጫችሁ ብቻ መልሱልኝ፦ ከግንባር ጫፍ እስከ ምላጩ ስንት ጣት ጸጉር ይተዋል? ከጆሮ በላይስ? የልጅን ራስ ልክ ንገሩኝ፤ ወደ አሻንጉሊት ራስ ማሳነሱን እኔ አሰላዋለሁ። እስከ ዓርብ።