ጋሽ ምናላት እና የዛገው ማርሚታ

በየሰፈሩ አንድ መካኒክ፣ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል። እነዚህን ሁሉ ሥራ ለማስፈታት ቆርጦ የተነሳ አንድ ሰው ግን ከየትኛውም ሰፈር አይጠፋም። መዶሻ አለው፤ ፒንሳ አለው፤ ጊዜ አለው። የጎደለው ነገር ቢኖር ጥርጣሬ ብቻ ነው።

የእኛ ሰፈሩ ክቡር ጋሽ ምናላት ናቸው። እርግጥ ይህ ስማቸው አይደለም። የተበላሸ ነገር ባዩ ቁጥር እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ «ይቺ ምን አላት» ስለሚሉ የወጣላቸው ነው። መታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም ከባለቤታቸው በቀር የሚያስታውሰው ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለቤታቸውም ሲናደዱ ብቻ ነው የሚጠሩበት።

በሙያቸው የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። የዓለም ወንዞች ከየት ተነስተው የት እንደሚገቡ በቃላቸው ይወጡታል። የገዛ ቤታቸው የቧንቧ ውሃ በየት በኩል ሳሎን እንደሚገባ ግን እስካሁን አልደረሱበትም።

የእኛን ቤት በር የጠገኑት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሩ የሚከፈተው ከታች በጉልበት ደገፍ፣ ከላይ በትከሻ ገፋ ሲደረግ ነው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ ከውስጥ ሆና «ደገፍ፣ ከዚያ ገፋ» እያለች ታስተምራለች። አማቴ አንድ ቀን ደገፉን ትተው ገፋውን ብቻ ቢያደርጉት በሩን ይዘው ገቡ። የፋርማሲስቷ ጎረቤታችን የበር ደወል ደግሞ ከተጠገነ ወዲህ መጮህ ትቶ የማድ ቤቷን መብራት ያጠፋል። ሴትየዋ መብራት ድርግም ሲልባት «መጣሁ» ማለት ለምዳለች።

መኪናቸው በዕድሜ ከትዳራቸው ትበልጣለች። አንደኛው በሯ ከሌላ መኪና የመጣ ስለሆነ ቀለሙ ለብቻው ነው። ማርሚታዋ፣ ጭሱን ወደ ኋላ የሚያወጣው ቱቦ ከነድምፅ ማፈኛው፣ ከዓመት ዓመት ዝጎ ዝጎ በመጨረሻ ወንፊት ሆነ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ስታልፍ ወፍጮ ቤት ከቦታው ተነስቶ መንገድ የጀመረ ነው የሚመስለው።

አንድ ሐሙስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። የተባባሉትን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

«ሞተሩን ያጥፉና እንነጋገር፣ አባት» አለ ፖሊሱ።

«ካጠፋሁት አይነሳም።»

«ምን አሉ?»

«አይነሳም ነው የምልህ።»

«አልሰማሁም።»

«እንግዲህ ስለ እሱ አይደል የያዝከኝ?»

ፖሊሱ እስከ ሰኞ ካላሠሩት ታርጋውን እንደሚፈታ በእጁ ምልክት አስረድቶ ሸኛቸው።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የጋሽ ምናላት ባለቤት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። ለአንድ የቀለም ፋብሪካ የሠራተኞች ቱታ ሊሰፉ ውል ገብተው፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትተው፣ በጋውን ሙሉ መኪናቸው ላይ ሲጎነበሱ ከርመዋል። የስፌት መኪናውን ማለቴ ነው። የሁለቱም ገቢ ጨርቅና ክር ሆኖ አልቋል። ርክክቡ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ከዘገየ ፋብሪካው ሌላ ሰፊ ይፈልጋል። ፋብሪካው ደግሞ ከተማው ዳር ነው፤ ያን ሁሉ ቱታ ያለ መኪና የሚያደርሰው የለም።

ከመንገዱ ማዶ ያለው መካኒክ አዲስ ማርሚታ ገዝቶ ለመግጠም ዋጋውን ነገራቸው። ጋሽ ምናላት ዘወር ብለው መኪናቸውን አዩዋት።

«ከነእሷ ነው?» ብለው ጠየቁት።

ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ ተራ አንድ ያገለገለ ማርሚታ በትከሻቸው ተሸክመው ሲመጡ አየኋቸው። መንገደኛው ወዲያና ወዲህ እየሸሸ ያሳልፋቸዋል። «የሌላ መኪና ነው፤ ግን ቱቦ ቱቦ ነው» አሉኝ ሲያልፉ። ቀጥለው ዞር ሲሉ የማርሚታው ጫፍ የአጥራችንን ቆርቆሮ ጎድጎድ አደረገው። «እሱን ነገ እጠግንልሃለሁ» አሉ።

እሁድ ጠዋት ተጠራሁ። «ባትሪ ብቻ ትይዝልኛለህ» ተባልኩ። እንዲህ ብለው ጠርተውኝ ባትሪ ብቻ ይዤ የተመለስኩበት ቀን የለም፤ ሆኖም ሄድኩ።

መኪናዋን በክሪክ አነሷት። ከዚያ በኋላ ግን ቶሎ ወደ ሥራው አልገቡም። ትርፍ ጎማውን አምጥተው ከሥሯ አጋደሙ። ከጓሮ ወፍራም ግንድ እያንከባለሉ አመጡና እሱንም ከሥር ሸጎጡት። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፉ። በእጃቸው ነቀነቋት፤ ራቅ ብለው አዩዋት፤ ተመልሰው ደግመው ነቀነቋት። ፀሐይዋ አናቴን መታችኝ።

«ጋሼ፣ ማርሚታ ሊቀይሩ ነው ወይስ ቤት ሊያቆሙ?» አልኳቸው።

የልጃቸውን የዋና መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው በጀርባቸው ተንሸራተው ገቡ። ከውጭ የቀሩት ሁለት እግሮች ብቻ ነበሩ።

የዛገ ብሎን የራሱ ጸባይ አለው። ዘይት ጠጣ፤ አልተንቀሳቀሰም። ተመታ፤ አልተንቀሳቀሰም። ተለመነ። ጋሽ ምናላት በአስተማሪ ድምፃቸው «እሺ በል እንጂ፣ ምናለበት» ሲሉት ሰምቻለሁ። በመጨረሻ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ።

«ተፈታ» አሉ ከሥር።

«ተፈታ ነው ወይስ ተሰበረ?»

«ወጥቷል አይደል? ሌላው ምን ያደርግልሃል።»

የሚቀጥለውም በዚሁ መንገድ ወጣ። ቀኝ ትከሻቸው በሽተኛ ነው፤ መዶሻውን ባነሱ ቁጥር ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኛል። አዘንኩ።

«ጋሼ፣ ይውጡና ትንሽ ይረፉ። እኔ ልግባ።»

«አትገባም።»

«ለምን? መምታቱ አይከብደኝም።»

«አትገባም አልኩህ እኮ። ባትሪህን ያዝ።»

ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲቀመጥ የሚታዘዝበት ድምፅ ነበር። ባትሪዬን ያዝኩ። በልቤ ግን ተቀየምኩ፤ ሥራውን ያበላሽብኛል ብለው ፈርተው ነው አልኩ። በሬን እየደገፍኩ የምገፋ ሰው እንዲህ ሲባል ይከፋዋል።

የመጨረሻውን ብሎን ሲመቱ ክሪኩ ጥርስ የማፋጨት ዓይነት ድምፅ አሰማ። ቀና ሳልል መኪናዋ ወረደች። ዘጭ አለችና ቆመች። አቧራና የዝገት ብናኝ በሁሉም በኩል ቡን አለ። ባትሪው ከእጄ ወድቆ ተንከባለለ። እግራቸውን አየሁ፤ አይንቀሳቀስም።

እትዬ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ከቤት ወጡ። የባላቸውን ስም ጠሩ፤ የመታወቂያውን። ሲናደዱ ብቻ ይጠሩበታል ያልኩት ስህተት ነው።

«አቤት» አለ ከሥር አንድ ድምፅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ባትሪውን የት ወሰድከው? ጨልሞብኛል።»

በእግራቸው ጎትተን አወጣናቸው። መኪናዋ ጎማውና ግንዱ ላይ ተቀምጣለች፤ በእሷና በደረታቸው መካከል የተረፈው ክፍተት መዳፍ ቢያስገባ ነው። እትዬ በቀሚሳቸው ጫፍ የባላቸውን ፊት ከዝገቱ ጠረጉ፤ የዋና መነጽሩን አስተካከሉላቸውና ወደ ቤት ገቡ። የስፌት መኪናው ድምፅ ለረጅም ጊዜ አልተሰማም።

መኪናዋ ስትወድቅ ሰምቶ መካኒኩ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ልሥራልዎት ጋሼ፣ ሂሳቡ ይቆያል» አላቸው። እሳቸው ክሪክ ብቻ እንዲያውሳቸው ጠየቁት። የራሱን ትልቁን ክሪክ እየገፋ አምጥቶ አነሳላቸውና አጠገቤ ቆመ።

«ለምን አትከለክላቸውም?» አልኩት በሹክሹክታ።

«እሳቸውን? እሳቸው ከሌሉ ግማሹ ገበያዬ ይጠፋል» አለኝ። «በዚህ ሰፈር የነኩት መኪና ሁሉ በሳምንቱ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ዕድሜ ይስጣቸው።»

አሮጌው ማርሚታ ወጣ። ወጣ ከምል ረገፈ ብል ይሻላል። አዲሱ፣ ማለትም የሌላኛው መኪና አሮጌ፣ ገባ። ሲገባ ግን ከኋላ አልፎ እንደ ጭራ ተዘረጋ። ጋሽ ምናላት ግራ ገባቸው። «ለክቼዋለሁ እኮ» እያሉ ከኪሳቸው የለኩበትን ገመድ አውጥተው መሬት ላይ ዘረጉ። ገመዱ አሁን አጭር ነው። ሳብ ሲያደርጉት ረዘመ። ሲለቁት አጠረ። መካኒኩ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

እትዬ በመስኮት ብቅ አሉ። «እሱ የሱሪ ላስቲክ ነው» አሉ፤ «ከአርብ ጀምሮ ስፈልገው ነበር።»

ትርፉ በብረት መጋዝ ተቆረጠ። መጋዙን በየተራ ጎተትን፤ መካኒኩም ሳይቀር። የማይገናኘው ቦታ ከዘይት ቆርቆሮ በተቀደደ ቁራጭ ተጠቀለለ፣ በማሰሪያ ቀለበት ጠበቀ፣ በሽቦ ተጠፈረ። ከዚያ ክቡርነታቸው መሪው ጋ ተቀመጡና ቁልፉን አዞሩ። ምንም ድምፅ የለም። ደግመው ሲያዞሩት መኪናዋ ክርር ብላ ጮኸች።

«ተነስታለች እኮ» አለ መካኒኩ።

ጆሯቸውን ወደ መሪው ጠጋ አደረጉ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ያጉረመርማል። የዋና መነጽሩን ሳያወልቁ መሪውን ደባበሱት።

ሰኞ ጠዋት ቱታው ሁሉ ተጫነ። እትዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ በጨርቅ ክምር መካከል አንገቴ ብቻ ብቅ ብሎ ሄድን። መስቀለኛው መንገድ ላይ ያ ፖሊስ እጁን አነሳ። መኪናዋን ዞሮ አያት፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ።

«አባት፣ የት አሠሩት?»

ጋሽ ምናላት በሕይወታቸው ሙሉ ይህንን ጥያቄ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። በሚገባ ለመመለስ ሞተሩን አጠፉ። ስለ ብሎኖቹ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ሽቦው አጠፋፈር አንድ በአንድ አብራሩ። ላስቲኩን ዘለሉት። ፖሊሱ መልካም ጉዞ ብሎ ሲሸኛቸው መኪናዋ አልነሳም አለች። ስለዚህ የመንግሥት ሕግ አስከባሪ፣ እትዬና እኔ ሆነን ገፋናት። ሰዓቱ ሳያልፍ ፋብሪካው ደረስን፤ ዕቃ ተረካቢው ቱታውን እያገላበጠ አየና ለክረምቱም ሌላ አዘዘ። እትዬ እዚያው ቀርተው ልኬት መውሰድ ስለነበረባቸው የተመለስነው ሁለታችን ነን።

በመንገድ ላይ ቅያሜዬን አወጣሁት። «ጋሼ፣ ትናንት እንድገባ ለምን ከለከሉኝ? አልተማመኑብኝም አይደል?»

«ክሪኩን ማን እንደጠገነው ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ማን?»

«እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ጥርሱ ተበልቶ ሞርጄ ሰካሁት።» ማርሽ ቀየሩ። «እኔ የጠገንኩት ነገር ሥር ሰው አላስገባም። እኔ ልግባ፤ ግድ የለም። አንተ ልጆች አሉህ።»

ግንዱ፣ ጎማው፣ ያ ሁሉ መነቅነቅ ያኔ ገባኝ። ጥርጣሬ የጎደለው ሰው ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ አልሰርዘውም፤ ከላይ እንዳለ ይቀመጥ። ለካ ጥርጣሬያቸውን ለብቻቸው ነው የሚይዙት። ወደ መስኮቱ ዞሬ ቤት እስክንደርስ ከተማውን ሳይ ቆየሁ።

ትናንት የእኛ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ምናላት መሰላላቸውን ተሸክመው ግቢያችን በር ላይ ቆሙና ቀና ብለው ማየት ጀመሩ። ባለቤቴ ከመጋረጃው ጀርባ «እንዳታስገባቸው» አለችኝ። አስገባኋቸው። መሰላሉ ግድግዳው ላይ ሲቆም ግን እግሬን የመጀመሪያው እርከን ላይ ቀድሜ አሳረፍኩ።

«ዛሬስ የምወጣው እኔ ነኝ» አልኩ።

«ውረድ» አሉኝ። «አንተ ከታች ያዝ።»

ወረድኩ። በሁለት እጄ ያዝኩት።