አንድም ተህዋስ እንዳይቀር

ትጋት ከምድር ጠፋ የሚል ሰው ካለ ወደ ነቀምቴ ይምጣ። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ፣ ለክብሩ ስል ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ትጋት እዚያ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች።

የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ ሊሊሴ ከዲጋ ማዶ፣ ከዴዴሳ ወንዝ ከለቀመችው ባለዛጎል እንስሳ ሆድ ውስጥ አንዲት ባክቴሪያ አገኘች። ከሚታወቁት ሁሉ ጋር ብታስተያያት ዘመድ አጣችላት። አዲስ ዝርያ መሆኗ እንዲረጋገጥ በሕይወት አዲስ አበባ መድረስ ነበረባት፤ ለዚያ ደግሞ አንድ ሸኚ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሊሊሴ በየሳምንቱ ምግቧን እየቀየረች፣ በባለክዳን ሳህኖች እያኖረቻት ሁለት ወር ጠበቀች።

ኃላፊው ኦቦ ቀጀላ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን የሚያውቁ ሰው ናቸውና ኮሚቴ አቋቋሙ።

«ወዳጅ ናት ጠላት?» አሉ ቅጹን ዘርግተው።

«ገና አላወቅሁም፣ ኦቦ። እሱን ለማወቅ ነው የምትላከው።»

«ቅጹ ላይ ‹ገና› የሚል ሳጥን የለም።»

የሕዝብ ግንኙነቱ አሳምነው ጣልቃ ገባ። «ነዋሪነቷስ? ለዲጋ ወረዳ ከሰጠናት የጉቴ ከተማ ሰዎች ቅር አይላቸውም?»

«ጉቴዎችን ምን አገባቸው?» አለች ሊሊሴ።

«እሱን ነው የምልሽ። ስላላገባቸው ነው ቅር የሚላቸው።»

ሦስት ስብሰባ በዚህ አለቀ። አራተኛው ታላቅ ውሳኔ ወለደ፤ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት የክብር እንግዶች ተጠርተው ባክቴሪያዋን ይዩ። እንግዳ ደግሞ ቆሻሻ ቤት አይገባም። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ከመሳቢያ ያልወጣው ማህተም በአንድ ጧት ተነሥቶ የጽዳት ትእዛዝ ላይ አረፈ፦ «በግቢው አንድም ተህዋስ እንዳይቀር።»

የጽዳት ሠራተኛዋ አዴ ድርቤ ትእዛዝ አይሸራርፉም። ሰኞ ጧት ሊሊሴ ስትገባ ሳህኖቿ ታጥበው፣ መስኮቱ ላይ ተደፍተው ይንጠባጠባሉ። ቤቱ በረኪና በረኪና ይላል።

«አዴ ድርቤ፣ ምን አደረጉ?»

«ሻግቶ አገኘሁት፣ ልጄ። ሦስቴ አሸሁት።» ወረቀቱን ከሽርጣቸው ኪስ አወጡ። «‹አንድም› ነው የሚለው። አንድ አስቀሪ አይልም።»

ሊሊሴ ሳህኖቹ ላይ ምን እንደነበረ ነገረቻቸው። ነገሩ ሲገባቸው ያለቀሱት አዴ ድርቤ ናቸው።

እንግዶቹ መጡ። ኦቦ ቀጀላ ባዶዋን ሳህን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ክቡራን፣ መሥሪያ ቤታችን በአንድ ሩብ ዓመት አዲስ ዝርያ አግኝቷል፣ አጥፍቷልም። አፈጻጸማችን ሁለት መቶ በመቶ ነው።»

ተጨበጨበ። አሳምነው ፎቶ አነሣ፤ ሳህኗ በጣም ታበራ ነበር።

«ኦቦ፣ መኪና ይፈቀድልኝ» አለች ሊሊሴ እንግዶቹ ሲሸኙ። «ባለዛጎሎቹ እንስሳት አሁንም ዴዴሳ አሉ። ድጋሚ አገኛታለሁ።»

ኦቦ ቀጀላ እንደ አባት ትከሻዋን ነካ አደረጉ። «እንዴት ልጄ? ጠፍታለች ብለን ሪፖርት አድርገናል እኮ። አሁን ከተገኘች ወደ መቶ በመቶ እንወርዳለን።»

ሊሊሴ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ሞላች፤ ከ«ምክንያት» ሳጥኖች ውስጥም «የጠፋ ዘመድ ፍለጋ» የሚለውን መርጣ ምልክት አደረገችበት። ኦቦ ቀጀላ ሳያነቡ ፈረሙ፤ ማህተሙ እዚያው ተመታ። በማግስቱ ቦቲዋን ተጫምታ የዲጋን ሚኒባስ ተሳፈረች።