የአባዬ ግራ ጫማ

(ጠዋት ነው። በሩ አጠገብ የቤተሰቡ ጫማ በሰልፍ ተደርድሯል። ደርዳሪዋ የአምስት ዓመቷ ሚጡ ናት። ኦቲዝም አለባት፤ ብዙ ቃል ታውቃለች፣ ጥያቄ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። አስተማሪዋ፣ የምትፈልገውን ነገር ደብቁና «የት ነው?» እስክትል ጠብቁ፣ ስትጠይቅ «ጎበዝ» ብላችሁ ብስኩት ስጧት ብላለች። ብስኩቱን እስካሁን የሚበላው አባት ነው።)

አባት፦ እትዬ፣ ጫማ ደብቂ አላልኩሽም?

አክስት፦ ደበቅኩ እኮ።

አባት፦ ታዲያ የሚጡ ጫማ ይኸው አይደል እንዴ?

አክስት፦ የደበቅኩትማ ያንተን ነው። ግራውን።

አባት፦ (ካልሲ ብቻ ያጠለቀ እግሩን እያየ) የኔን? ልጅቷ የምትፈልገውን ነው የተባለው። ስልጠናውን የተከታተልኩት እኔ፣ የምትፈላሰፊው አንቺ።

አክስት፦ እኔማ ምን አውቄ። ወሩን ሙሉ አንተ ጫማዋን ስትደብቅ ምን አለች?

አባት፦ ምንም። ሶፋው ላይ ወጥታ ዘለለች።

አክስት፦ ጫማ ማድረግ አትወድማ። ገላገልካት።



አባት፦ እሺ፣ የኔ ጫማ ምን ያደርግላታል?

አክስት፦ ሰልፉ ሲጎድል አትወድም።

አባት፦ ሥራ ረፈደብኝ፣ አምጪው።

አክስት፦ ጠብቁ አልተባለም?

አባት፦ እየጠበቅኩ ነው።

አክስት፦ እያወራህ ነው። እሷ አፏን ሳትከፍት «ጫማሽ እዚህ ነው የኔ እናት» ትላታለህ።

አባት፦ አንጀቴ አልችል እያለኝ እኮ ነው። ሰው ሁሉ ልጄ በጥያቄ አደረቀችኝ ብሎ ሲያማርር እቀናለሁ። አንድ ቀን እንኳ ብታደርቀኝ።

(ሚጡ መጣች። ጫማዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ እየነካች ሄዳ ክፍቱ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። አባት ሊናገር ሲል አክስት አፉን በመዳፏ ከደነችው። አባት ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር።)

ሚጡ፦ የአባዬ ጫማ የት ነው?

(አባት ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት። በአንድ ጫማው ዘለለ።)

አክስት፦ ተጠየቅክ እኮ፣ መልስላት እንጂ።

አባት፦ እኔ እንጃ... እትዬ፣ የት ነው?

(ሚጡ አጨበጨበች። ከአባቷ የሸሚዝ ኪስ ብስኩቱን አውጥታ አፉ ውስጥ ከተተችለት።)

ሚጡ፦ ጎበዝ!