ጥያቄ ከነሳንቃው

ይህን ምስጢር መጀመሪያ የነገሩኝ ላላ በቱል፣ በናንተ አነጋገር እመት በቱል፣ ናቸው፤ ከዳቦ መጋገሪያዬ፣ ከፉርኖዬ በላይ ባለው ዳገት፣ ዘጠና ሁለተኛው ደረጃ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት መበለት። «ዓላል» አሉኝ፣ «ቡሽታን ዕቃ አታሸክመው። ጥያቄ ስጠው። ጥያቄውን ከሰጠኸው ዕቃውን ራሱ ይሸከመዋል።»

የትም አገር ሂዱ፣ በየሰፈሩ አንድ «ለምን ተፈጠርኩ» ባይ አይጠፋም። እኔ ብዙ አገር አልሄድኩም። ፋስ ሁለት ጊዜ፣ ካዛብላንካ አንድ ጊዜ፣ እሱም ለጥርስ። ግን አውቃለሁ፤ ዳቦ ጋጋሪ የማያውቀው ነገር የለም። ሰፈር ያለ ሐኪም ይኖራል፣ ያለ ውሻም ይኖራል። ያለ አንድ ፈላጊ ግን ሰፈር አይባልም። እዚህ ወዛን ከተማ ለኛ ሰፈር የደረሰን ክቡር ሲ ቡሽታ፣ አቶ ቡሽታ እንደማለት፣ ነው፤ የጫማ ሰፊዎች ውራ፣ የፈላጊዎች ሊቀመንበር።

እኔ ማን እንደሆንኩ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባም። አርባ አራት ዓመት ይህንን እሳት ጠብቄአለሁ። እዚህ እያንዳንዱ ቤት ሊጡን ያቦካል፣ ድቡልቡል አድርጎ በሳንቃ ይልክልኛል፣ እኔ ጋግሬ እመልሳለሁ። ክፍያዬ በሳምንት ከየቤቱ አንድ ዳቦ ነው። አርባ ሁለት ቤት ነው የምጋግረው፤ አንድም ቀን የአንዱን ዳቦ ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ዳቦ ግን አነባለሁ። የላላ በቱል ዳቦ ሦስት የሹካ ቀዳዳ አለው። የቡሽታ ቤት የቁልፍ ጫፍ ነው፤ ሚስቱ ሐሽሚያ ናት በቁልፍ የምትወጋው። እንዲያውም አንዴ፣ ሁልጊዜ የቀለበት ምልክት የነበረው ዳቦ ምንም ሳይኖረው መጣልኝ። ሳንቃውን ያመጣችውን ሴትዮ «ተጣላችሁ እንዴ?» ብላት አለቀሰች። ዳኛው ፍቺውን የሰማው ከኔ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። የት ነበርኩ? አዎ፣ ቡሽታ ዘንድ።

ሲ ቡሽታ ጫማ ሰፊ ነው ይባላል። ወስፌው በእጁ፣ ሐሳቡ በሰማይ። ከሚሰፋቸው ሦስት ጥንዶች የአንደኛው ሁለቱም እግር ግራ ነው። ደንበኛው ሲቆጣ «ለመሆኑ ቀኝ ምንድን ነው?» ይለዋል። ሰላም ስትለው «ለምን ተፈጠርክ?» ነው መልሱ። አፍህን ልትከፍት ስትል ደግሞ እጁን ያነሳል፤ «አትቸኩል። አስብበት።» አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ሙሽራውን ጠየቀው። ሙሽራው ሊያስብበት ወጥቶ እስከ መግሪብ ሶላት ሳይመለስ ቀረ። የሙሽሪት አባት ቡሽታን በገበያው መሀል ጫማቸውን አውልቀው አባረሩት። ጫማውም ቡሽታ ራሱ የሰፋው ነበር። ግራ።

ሐሽሚያን ስለዚህ ጉዳይ ብታነሱባት፣ «ለምን እንደተፈጠረ እኔ ልንገረው? የኩሽናዬን በር እንዲያጠብቅልኝ። በሩ አልዘጋ ካለ አስራ አንድ ዓመቱ ነው» ትላለች።

ታዲያ ይህ ሰው ተቀምጦ ማሰብ አይሆንለትም። «እግር ሲንቀሳቀስ ነው ልብ የሚከፈተው» ይላል። በጠዋት በዳገቱ ሲያልፍ ላላ በቱል በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ሳንቃውን ክንዱ ላይ እያኖሩ፣ «ቡሽታ ልጄ፣ ነፍስ ናት የምትቀድም ወይስ ሥጋ?» ይሉታል። እሱ ሳንቃ መያዙንም ሳያውቅ፣ እያጉተመተመ፣ ዘጠና ሁለቱን ደረጃ ወርዶ ፉርኖዬ ደጃፍ ከች ይላል። ሊጡን እቀበለዋለሁ። ጥያቄው ይዞት ይሄዳል።

ነገሩ ልክ አለው ግን። ትንሽ ጥያቄ ሩቅ አይሄድም። የቆሎ ሻጩ ሚስት ሰምታ «ሞት ያስፈራል?» ብላ አሸከመችው። መስጊዱ መታጠፊያ ጋ ሲደርስ «አያስፈራም» ብሎ ጨረሰና፣ ሳንቃውን እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ መንገዱን ቀጠለ። ያን ቀን የቆሎ ሻጩ ቤት ዳቦ ምልክቱ የድመት መዳፍ ነበር። ቆይተው ሴቶቹ ሚዛኑን አወቁት። ለሦስት ዳቦ «ትዕግሥት ይማሩታል ወይስ ይወለዱበታል?» ይበቃል። ለሰባት ዳቦ «ሰው ዕድሉን ይመርጣል?» ነው። ለበዓል፣ ከዳቦው ላይ ብስኩት በትሪ ሲደረብ፣ «እኔ ማን ነኝ?» ትወጣለች። እሷ ደርሶ መልስ ናት፤ የተጋገረውንም ወደ ቤት ትመልሳለች።

በየዋህ ሰው ተጫወታችሁ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ተጫወትን።

ለላላ በቱል ግን ጨዋታ አልነበረም። ልጃቸው ዝሁር ካዛብላንካ ነው የምትኖረው። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ትሰጋለች እንጂ። «እማ፣ ዳቦሽ ፉርኖ መውረዱን ያቆመ ቀን ከኔ ጋር ትሄጃለሽ» ብላ ቃል አስገብታቸዋለች። አራተኛ ፎቅ። «አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቼ ምን ልሁን፣ እርግብ?» ይላሉ። ጉልበታቸው ደግሞ ሰባት ዓመት ሆነው፣ ከደጃፋቸው ሦስት ደረጃ አያስወርዳቸውም። እንግዲህ ቡሽታ የሚያስብበት ነገር እስካለው ድረስ ላላ በቱል ቤታቸው ናቸው። ያለቀበት ቀን አራተኛ ፎቅ ናቸው። ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ ያ ሰውዬ መጣ። ከረባት ከተማ ነው የመጣው፣ አንገቱ ላይ ከረባት ግን አላደረገም። ነጭ ሱሪ፣ ጆሮው ላይ የተሰካ ማይክሮፎን። ከገበያው ጀርባ ባለው ሆቴል «ዓላማህን በሦስት ቀን» ብሎ ሰው ሰበሰበ። ሠላሳ ዓመት የፈለገን ሰው በሦስት ቀን ሲሉት ምን ይሁን? ቡሽታ ገባ። በሦስተኛው ቀን ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ወጣ። እኔ ስለማላነብ አስነበብኩት፤ «ሲ ቡሽታ ዓላማቸውን አግኝተዋል» ይላል።

«ምን ሆኖ ተገኘ?» አልኩት።

«መሆን።»

«ምን መሆን?»

«መሆን ብቻ፣ ዓላል። ሌላ የለውም።»

ወረቀቱን መስታወት አስገብቶ ሱቁ ደጃፍ ሰቀለው። ከሥሩ በርጩማ አስቀምጦ ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ ፈገግ አለ። እንዲያው እንደተጠበሰ የበግ ራስ፣ ጠዋትም ማታም ጥርሱ እንደታየ። መሄድ ቀረ። ሴቶቹ በየተራ ወረዱበት። ትዕግሥትን አቀረቡለት፣ ፈገግ አለ። ዕድልን አቀረቡለት፣ ፈገግ አለ። በመጨረሻ የቆሎ ሻጩ ሚስት ያችን ትልቋን አወጣች፤ «እኔ ማን ነኝ፣ ሲ ቡሽታ?» በጣቱ ወደ ላይ አሳያት። «ወረቀቱን አንብቢ» አላት። ደርሶ መልሷ ጥያቄ አንድ ክንድ አላራመደችውም።

ሰኞ የላላ በቱል ሳንቃ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። የሰፈሩ ልጆች በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ናቸው፣ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሸክም አላቸው። ረቡዕ እኔው እሳቱን ትቼ ወጣሁ። ስደርስ ላላ በቱል ከልጃቸው ጋር በስልክ ናቸው።

«ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እማ። ዳቦሽስ?»

«እንደ ሁሌው» አሉ።

በዕድሜዬ ሲዋሹ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ስልኩን ዘግተው ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። ወዲያው ደግሞ ከታች የቃጠሎ ሽታ መጣ። ወርጄ ሳየው አስራ አንድ ሳንቃ ዳቦ ከሰል ሆኗል። በአርባ አራት ዓመት ያልደረሰብኝ። ከመውረዴ በፊት ግን አንድ ነገር ብለውኛል።

«ዓላል፣ ጥያቄ አምጣ።»

«እኔ? ያልተማርኩት?»

«የተማረው ሰውዬ መልስ ነው ይዞ የመጣው፣ ይኸው አየነው።»

ሁለት ቀን እሳቱ ፊት ጥያቄ ፈለግኩ። እኔ እኮ አፌ ሥራ ፈቶ አያውቅም፤ ገዥው እንኳ ይህን ሰፈር የጎበኘ ጊዜ ያናገርኩት እኔ ነኝ፣ ስለ ማገዶ። ጥያቄ ግን እምቢ አለኝ። «ጢስ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ መዘንኳት፣ መስጊዱ ጋም አትደርስ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እሳቱ ሲያርፍ፣ እጄን አጣጥቤ ባዶ እጄን ወደ ቡሽታ ሱቅ ሄድኩ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ሲ ቡሽታ።»

«ደስታም የለ፣ ሐዘንም የለ። መሆን ነው ያለው።»

«እሺ፣ ሁን። አንድ የዳቦ ነገር ልጠይቅህ ነው።»

«የዳቦውን ሐሽሚያን ጠይቃት።»

«የላላ በቱል ሦስት የሹካ ቀዳዳ ነው» አልኩት። የምለውን አላውቀውም፣ ዝም ብዬ ጀመርኩ። «ያንተ ቤት ቁልፍ ነው። የቆሎ ሻጩ ቤት አንድ የአውራ ጣት። አርባ ሁለቱም ምልክት አላቸው። እኔ የምበላው ለክፍያ የመጣውን ነው፤ ዛሬ ሹካ፣ ነገ ቁልፍ፣ ከነገ ወዲያ አውራ ጣት። ሚስቴ ረሕማ ከሞተች አስራ ዘጠኝ ዓመቷ። ከሷ ወዲህ በኔ ስም የተቦካ ሊጥ እዚያ እሳት ገብቶ አያውቅም። እና ይኼ ሆድ፣ በአርባ ሁለት ቤት ዳቦ የቆመ፣ የማን ቤት ነው? የኔ ምልክት የቱ ነው?»

ሳቅ ላስከትልበት ነበር ያሰብኩት። እውነቴን ነው፣ ላስቀው ብዬ የመጣሁ ሰውዬ ሳቁን ረሳሁት።

ቡሽታ ፈገግታውን ተወ። አምስት ቀን ሙሉ የተገለጠ ጥርስ ከንፈሩ ከደነው።

«ድገመው» አለ።

ደገምኩት። ወስፌውን ጆሮው ላይ ሰካ። ተነሳ፣ በባዶ እግሩ። ዳገቱን ያዘው። እኔ ከኋላ እያለከለክሁ። ላላ በቱል ከጠዋት ጀምሮ ሳንቃውን ደፍ ላይ አኑረው ይጠብቃሉ። ፊቱን አዩት፤ ሳንቃውን አንስተው ክንዱ ላይ አደረጉለት። እሱ ጥያቄ ተጭኖ ነው የመጣው፣ ምን ሊጨምሩበት? ወረደ። እቶኑ ውስጥ የቀረው ሙቀት ለአራት ዳቦ ይበቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ዝሁር ስትመጣ እናቷ ትኩስ ዳቦ በወይራ ዘይት እየነከሩ ደረሰች።

«ማን አወረደልሽ?»

«እግር» አሏት።

የማን እግር እንደሆነ አልጠየቀችም። እሑድ ብቻዋን ተመለሰች።

በዘጠነኛው ቀን ቡሽታ የላላ በቱልን ሳንቃ ይዞ መጣ። አራቱ የሳቸው ናቸው። ከጎን አንድ አምስተኛ ነገር አለ። ዳቦ ነው ማለት ዳቦን ማስቀየም ይሆናል፤ ቅርጹ የጫማ ሶል ነው። የግራ። መሀሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፣ ጠባብ፣ እስከ ታች የዘለቀች።

«ይኼ የማን ቤት ነው?» አልኩት።

«አንባቢ ነኝ ትል የለ? አንብበዋ።»

አገላበጥኩት። አርባ ሁለቱን በጨለማ አውቃቸዋለሁ፣ ይኼን አላውቀውም። ቆይቶ ጆሮው ላይ ያለችውን ወስፌ አየሁ።

«ያንተ ነው» አለኝ። «እኔ ነኝ ያቦካሁት። ሐሽሚያ ኩሽናዋ እንዳልገባ ከልክላኝ ነበር። ደግነቱ በሩ አይዘጋም ነበር።»

«እና መልሱ ይኼ ነው?»

«ኧረ መልስ አይደለም። መልሱ ገና አለብኝ። እስኪገኝ ግን የሰው ምልክት ብቻ እየበላህ አትቆይ ብዬ ነው።»

ምን ይባላል? አፌ ሥራ ፈቶ አያውቅም ብያችኋለሁ፤ ፈታ። እሱ ሳቀብኝ።

«ለሦስት ዳቦ ትዕግሥት፣ ለሰባት ዕድል» አለ። «‹እኔ ማን ነኝ› ሲሉኝ ብስኩት እንዳለ አውቄ ክንዴን አዘጋጃለሁ። አላውቅም መስሏችሁ ነበር?»

«ታዲያ ለምን ተሸከምክ?»

«ጥያቄ ነዋ። ከነሳንቃው ቢመጣስ?»

ወረቀቱስ? አልኩት። ሐሽሚያ ከመስታወቱ አውጥታ፣ አራት ቦታ አጥፋ፣ ዛሬ እሱ ሊጡን ይዞ ሲወጣ የኩሽናው በር ማጠፊያ ሥር ሰክታዋለች አለኝ። በሩ አሁን ጥብቅ ብሏል። ወረቀቱም ዓላማውን አገኘ።

ዳቦዬን ከእሳቱ ሳወጣ «የመጋገሪያው ስንት ነው?» አለኝ፣ የምሩን።

«የዳቦውን ክፍያ ምሬሃለሁ» አልኩት። «መልሱን ግን አልምርህም፣ ዕዳ ነው። ደግሞ አትቸኩል። አስብበት።»

ወደ ዳገቱ ቀና ብሎ አየና፣ የላላ በቱልን አራት ዳቦ ታቅፎ፣ እያጉተመተመ ወጣ።

የኔን ያን ቀን ጨረስኩት፣ እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ። አንድ ጥርስ አስከፍሎኛል፤ ያችን ካዛብላንካ ድረስ ሄጄ ያሠራኋትን። ለቡሽታ አልነገርኩትም።