የመጀመሪያው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር

እኛ አገር አዲስ ዕቃ በአገልግሎት ሳይሆን በስስት ነው የሚያልቀው። አዲስ ሶፋ ከነላስቲኩ ያረጃል፤ እንግዳ ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል፣ ባለቤቱ ግን ላስቲኩ ከሚነሳ እንግዳው ቢነሳ ይመርጣል። አዲስ ቴሌቪዥን በዳንቴል ተሸፍኖ ይኖራል። አዲስ ጫማ ለበዓል ተብሎ ይቀመጥና በዓሉ ሲደርስ እግር አድጎ ይገኛል። አዲስ ነገር እጃችን ሲገባ እንደ ዕቃ ከመጠቀም ይልቅ እንደ በሽተኛ እናስታምመዋለን። አብዝተው ያስታመሙት ነገር ደግሞ መጨረሻው ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል?

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ሞተር ዘይት ላወራ ፈልጌ ነው። ገጹን አትግለጡ፣ አይረዝምም። ማለቴ ይረዝማል፤ ግን በዚያን ቀን ያስረዘምኩትን ያህል አይሆንም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። እኔ ሰው አስተምሮኝ ያወቅኩት ነገር ጥቂት ነው፤ የቀረውን ራሴ ነኝ ያወቅኩት። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት ፊቱን ሲያዞርብኝ እንጅባራ ቤታችን ቁጭ አልኩና ከስልኬ ጋር ጓደኝነት ያዝኩ። ኔትወርክ የሚገኘው ከጓሯችን ጥግ ያለች አንዲት ጉቶ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። እዚያች ጉቶ ላይ ቆሜ፣ ዝናብ ሲመጣ የማዳበሪያ ከረጢት ተከናንቤ፣ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ፣ ለምን እንደሚሞቅ፣ በምን እንደሚሞት አነበብኩ። የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ዕውቀቴ ምን ያህል የራሰ እንደሆነ ይገባዋል። ያነበብኩትን ደግሞ ሆዴ ውስጥ ማሳደር አልችልም። እናቴ «አንተ ልጅ፣ ሰላም ነው ወይ ሲሉህ ሰላም ነው በል፤ ስለ ሰላም አታስረዳ» ትለኝ ነበር።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ አለምነህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋሪ የነዱ ሰው ናቸው። ፈረሳቸው ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ነው። ቦራ የሚሰማው የአገራችንን የአገው ቋንቋ፣ አውንጊን ብቻ ነው። እኔ በአማርኛ ስጠራው፣ ከስብሰባ እንደወጣ ባለሥልጣን ባላየ ያልፈኛል። አጎቴ ግን ከጥርሳቸው መሃል አንዲት የአውንጊ ቃል ካሾለኩ ጆሮውን አቁሞ፣ አንገቱን ዘለግ አድርጎ፣ ጭቃም ቢሆን ዳገትም ቢሆን ይሄድላቸዋል።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ መንገዱን ሞሉት። ጋሪ አስፋልቱን ለባጃጅ ለቆ ወደ ኮረኮንቹ ተገፋ፤ ተሳፋሪም እግሩን ሰብስቦ ባጃጅ ውስጥ መቀመጥን ለመደ። አጎቴ ለተወሰነ ጊዜ ተሳፋሪ ይጠብቁ ከነበረበት ጥግ ቦራን እያሻሹ ዋሉ። በመጨረሻ በስንት ዓመት ያሳደጉትን የዲከረንስ ዛፍ ለከሰል ነጋዴ ሸጡ። አልበቃ ሲል ቦራንም ከነጋሪው፣ ግምጃ ቤት ከምትባለው ጎረቤት ከተማ ለመጣ አንድ ሰው አሳልፈው ሰጡ። ዛፉም ፈረሱም ተደምረው አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ የእሳቸውም፣ የባለቤታቸው የእትዬ ጥሩወርቅም፣ የሦስት ልጆቻቸውም ኑሮ በሦስት ጎማ ላይ ተቀመጠ። እሷ ከቆመች ሌላ የሚሄድ ነገር በቤቱ አልነበረም።

ቦራን የሸኙት ዕለት አጎቴ እስከ ከተማው ዳር ልጓሙን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ አዲሷ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሞተር አላስነሱም። መሪውን ብቻ ይዘው ተቀመጡ።

ባጃጅ መኪና ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለዛሬ ልተወው፤ አስተያየት አለኝ፣ ግን ረጅም ነው። ሞተር እስካላት ድረስ ዘይት ያስፈልጋታል፣ ዘይቱም መቀየር አለበት። መቼ? አገር የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። በዳንግላ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን «ሲጠቁር ነው» አለ። አብሮት የነበረው ወዳጁ «ኧረ ሞተሩ ማጉረምረም ሲጀምር ነው» ብሎ ተከራከረው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ በየዘመን መለወጫው፣ ቤታቸውን ከሚያስቀቡበት ቀን ጋር አብረው እንደሚቀይሩ በኩራት ነገሩን፤ መኪናቸው ግን ከእሳቸው ቀድማ ጡረታ ወጥታለች።

እኔ ከባጃጇ ጋር የመጣውን መመሪያ ይዤ ጉቶዬ ላይ ወጣሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ አጎቴ በአውንጊ ያስባሉ፤ መሃል ላይ አማርኛዬን ይዤ የቆምኩት አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በአዲስ ሞተር ውስጥ ያሉት ብረቶች እንደ አዲስ ሙሽሮች ናቸው፤ እስኪላመዱ ድረስ ይፋጫሉ። ሲፋጩ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ይረግፍና ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘይት ሳይጠቁር፣ ሳያጉረመርም፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው እየራቀ ይሄዳል። አቧራና ዳገት በበዛበት አገር መጽሐፉ ካለው ቀደም ማለት ነው፤ ብዙ ባትነዳም ደግሞ ወሩ ይቆጠራል። ይኸው አለቀ። ለእናንተ ባጭሩ ነገርኳችሁ። ለአጎቴ ግን እንዲህ አልነገርኳቸውም።

ቆጣሪው አምስት መቶ የሞላው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አጎቴ ወደ ጋራዥ ልውሰዳት ሲሉ «እኔ እያለሁ?» አልኩ። ይህን ቃል አሁን ሳስታውሰው ጥርሴን ያመኛል። ቁልፍ ተዋስኩ፣ ሳፋ ከሥር አደረግኩ፣ የታችኛውን ቡሎን ፈታሁ። ዘይቱ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ወፍራም፣ ቀላ ያለ፣ ያብለጨልጫል። እትዬ ጥሩወርቅ ከማድ ቤት ወጥተው ሳፋውን ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼ ምን ሆነና ነው የሚወጣው? ከማሬ ይጠራል እኮ» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጤነኛ ሰው ምን ይላል? እኔ ግን ደስ አለኝ። ጠያቂ ተገኘ። ጣቴን ዘይቱ ውስጥ ነክሬ ወደ ብርሃን አወጣሁና የሚያብለጨልጨውን ብናኝ አሳየኋቸው። «ዘይቱ ራሱ ምንም አልሆነም እትዬ» አልኩ፣ «እሱ ጤነኛ ነው። ችግሩ ውስጡ የገባው ብረት ነው። ዘይቱን የሚያበላሸው ቆሻሻው ነው።» እትዬም በጥሞና ሰሙኝ። እንደ እሳቸው ያለ አድማጭ ገጥሞኝ አያውቅም።

ቡሎኑን መልሼ እንዳጠበቅኩ ዝናቡ መጣ፤ ከዝናቡ ጋር ደግሞ ስልክ። ግምጃ ቤት ያለ ዘመዳችን አርፏል፤ እናቴን ይዤ መሄድ አለብኝ። ዝናብ እየዘነበ ዘይት አይሞላም፤ ውሃ ሞተር ውስጥ ከገባ ጉድ ነው። ስለዚህ እናቴ ከአጥር ውጭ ጃንጥላ ይዛ እየጠበቀችኝ፣ ጣሪያው ሥር ቆሜ ለአጎቴ አስረዳሁ። በየት እንደሚፈስ፣ እስከ የትኛው መስመር እንደሚሞላ፣ ዘይት ሲሞቅ ለምን እንደሚቀጥን፣ በብርድ ለምን እንደሚወፍር፣ የኛ አገር ብርድ ከየትኛው አገር ብርድ ጋር እንደሚመሳሰል። እናቴ «ልጄ፣ ሟቹን ሳንደርስበት ተዝካሩ ሊደርስ ነው» አለችኝ። አዲሱን ዘይት ከነእሽጉ በእትዬ እጅ አስጨብጬ ሄድኩ። ያልተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ማስረዳት ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።

ለቅሶው ቤት በር ላይ ቦራን አየሁት። አዲሱ ጌታው ለቀስተኛ አድርሶ ግንድ ላይ አስሮታል። ከስቷል። «ደህና ነህ?» አልኩት፤ እንደ ልማዱ ባላየ አለፈኝ።

ሣልስቱ ወጥቶ ስመለስ ባጃጇ ሥራ ላይ ናት። «ዘይቱ ገባ?» ብዬ ጠየቅኩ። አጎቴ «ገባ» አሉ። የዘይት መለኪያውን ስቤ ማየት ነበረብኝ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን የሚቀጥለው ቅያሪ መቼ እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። አጎቴ ሦስት ሴቶችና አንድ ጆንያ ድንች ጭነው ወደ ጥርባ ገበያ ሲወጡ እኔም ከጎናቸው በግማሽ ቂጤ ተቀምጫለሁ። ሴቶቹ ስለ አዲሷ ባጃጅ ሲጠይቁ እኔ ስለ ዘይት እየመለስኩ ነው። ዳገቱን አጋምሰን ሳለን አንዷ እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልጄ፣ ሞተሩ ካንተ በላይ እየጮኸ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ብረት ብረትን ሲበላ የሚሰማ ድምፅ ነው። ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ባጃጇ አንዴ ነጠር አለችና ቆመች። አጎቴ ደጋግመው ሞከሩ። ከዚያ መሪው ላይ ጎንበስ ብለው በአውንጊ አንድ ነገር አሏት። አልሰማቻቸውም። ሴቶቹ ወርደው ድንቹን እየተጋገዙ በእግራቸው ቀጠሉ።

ቆይቶ ከላይ አንድ ባዶ ጋሪ ወረደ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ፈረስ ነው። የግምጃ ቤቱ ሰው አጎቴን ሲያይ ገመድ አውጥቶ ባጃጇን ከጋሪው ኋላ አሰረ። እኔ መሪ ያዝኩ። አጎቴ አንድ እጃቸውን የቦራ አንገት ላይ ጣል አድርገው በእግራቸው ወረዱ። እስከ ከተማ ድረስ የሚያወሩት ከፈረሱ ጋር ብቻ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሰው ወደ እኔ ዞር ብሎ «ይኼ ፈረስ ዛሬ ምን ነካው? ለኔ እንዲህ ሄዶልኝ አያውቅም» አለኝ። ምክንያቱን አውቀው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አላስረዳሁም።

ጋራዡ ውስጥ ያለው መካኒክ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ቡሎኑን ሲፈታ የወጣው ዘይት ጥቂት ነው፤ እሱም ውሃ ገብቶበት ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ይመስላል። ከሞተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ወንፊት አውጥቶ በጥፍሩ ጫረና ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ጎተተ። «ይኼ ከየት መጣ?» አለ። ወሬውን ሰምተው የደረሱት እትዬ ጥሩወርቅ አዩትና «የኔ ሻሽ ነው» አሉ።

ከዚያም አንድ ባንድ ነገሩን፤ ምንም አልደበቁም። ቅቤ እንደሚነጠረው ነው ያደረጉት። ዘይቱን ለስለስ ባለ እሳት አሞቁት፣ እንዲዘቅጥ አሳደሩት፣ በታጠበ ሻሽ ሦስት ጊዜ አጠለሉት። ሻሹ በዝናቡ ምክንያት ደህና አድርጎ አልደረቀም ነበር። ብረት ያለበትን ዝቃጭ ለጎረቤት ሰጡት፤ የአጥሩን እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይቀባበታል። ጥሩውን መልሰው ሞሉት፤ ከመስመሩ ጎድሏል፣ ቅቤም ሲነጠር ይጎድላል። «ለቤቴ ቅቤ እንኳ እንዲህ ደክሜ አላውቅም» አሉ። መካኒኩ አዲሱ ዘይት የት እንዳለ ጠየቀ። «ሳጥን ውስጥ ነው፣ እሽጉ አልተነካም። ይኼኛው ሲያልቅ ብለን ነው» አሉ፣ ወደ እኔም እጃቸውን ዘርግተው፣ «ልጁ እኮ ዘይቱ ምንም አልሆነም፣ ቆሻሻው ነው ብሎ ነግሮናል» አሉ። ክስ አልነበረም። እንደ ምስክር ነው የጠሩኝ።

ሁሉም አየኝ። አፌን ከፈትኩ። ስለ ዘይት አሠራር፣ ሻሽ ስለማይይዘው ደቃቅ ብናኝ ልናገር ነበር። መካኒኩ ቀደመኝና እጁን እየጠረገ «አሮጌው ይደፋል፣ አዲሱ ይገባል» አለ። አጎቴ በጣታቸው ቆጠሩ። «አራት ቃል ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «አራቷን ብቻ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ባጃጇ ዛሬ በአጎቴ ግቢ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። ሞተሩን የሚያሠራ ገንዘብ ከየት ይመጣል? የሚሸጥ ዛፍ የለም፣ የሚሸጥ ፈረስም የለም። አጎቴ ለግምጃ ቤቱ ሰው ተቀጥረው ቦራን ይነዳሉ፤ የራሳቸውን ፈረስ በሰው ልጓም ማለት ነው። አዲሱ ዘይት ከሳጥን ወጥቶ የጋሪው ዘንግ ይቀባበታል። ቦራ ግን ትንሽ ወፍሯል።

ባለፈው ሰሞን መንገድ ላይ አገኙኝና ጋሪውን አቆሙ። «ና እስቲ አንተ ሊቅ፣ የጋሪ ዘንግ ዘይት የሚቀባው መቼ ነው?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀቡትን ነገር የጠየቁኝ ስላዘኑልኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ነው ሲሉኝ ሰላም ነው ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም ነበር። ስለ ሙቀት፣ ስለ አቧራ፣ ስለ ጭነት የማውቀው ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። አንድ ቃል ብቻ መረጥኩ።

«ሲጮህ» አልኩ።

አጎቴ ለቦራ አንድ ነገር አሉትና ጋሪው ተንቀሳቀሰ። «ሲጮህማ አልፏል፤ ሳይጮህ ነው እንጂ» አሉኝ ዞር ብለው። «ይኸው፣ ሳታስረዳም ታጠፋለህ።»